ከመነገራቸው በፊት የታወሱ ሦስት ቃላት

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልን? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ «እህህ» ትላለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ መነጽሯን ለመደችው? ትንሹስ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ማድረግ ተወ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም አለች፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች። ይህን ያስቀደምኩት ፖስታውን ስትከፍት ልብህ እንዳይሸበር ነው። የሚቀጥለው ግን ደስ አይልም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፤ እናታችን ሌላው ሁሉ ቢያመልጣት ስለ ራሷ ሲወራ ጆሮዋ ይቆማል። ሁለተኛ፣ አንተ በስልክ አታስጨርሰኝም። ደብዳቤን ግን መሃል ላይ ማቋረጥ አይቻልም።

የምጽፍልህ እርማት ነው። በአስተማሪነቴ ዘመን የተማሪ ውጤት ተሳስቼ ከመዘገብኩ በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ተሳስቻለሁ» ማለት አይከብደኝም ነበር። ይህን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ባለፉት አራት ወራት የእናታችን የማስታወስ ችሎታ እየተሻሻለ ነው ብዬ የጻፍኩልህ ሁሉ ልክ አልነበረም። አልተሻላትም። አንተ ደግሞ የእኔን ቁጥር አምነህ ዘንድሮ ልትመጣ የነበረውን ወደ ሚመጣው ዓመት እንዳዛወርከው ጻፍክልኝ። ስህተቱን ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ ያ ደብዳቤህ ትራሴ ሥር ነው። እንዴት እንደተሳሳትኩ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የመጀመሪያዎቹን ኪኒኖች ስትልክ ስድስት ገጽ ደብዳቤ አብረህ ልከህ ነበር። አንተ ብርጭቆ በምታጥብበት ላብራቶሪ የምትሠራው ተመራማሪ ጠርታህ በማይክሮስኮፕ ሁለት ሳህን እንዳሳየችህ ጻፍክልኝ። በሁለቱም ውስጥ የነርቭ ሴሎች አሉ። በአልዛይመር በሽተኞች አእምሮ ውስጥ የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በሁለቱም ላይ ጨምራበታለች። በአንደኛው ሳህን ሴሎቹ ተኮማትረው፣ ክሮቻቸው ተበጣጥሰው ሞተዋል። በሁለተኛው ግን ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን አስቀድሞ ስለተጨመረበት ብዙዎቹ ተርፈዋል። «እህቴ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብለህ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርክበት።

ሜላቶኒን ሲመሽ አእምሯችን ራሱ የሚያመነጨው፣ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጅ ሆርሞን መሆኑን አውቅ ነበር። አንቲኦክሲዳንት መሆኑን ግን የተማርኩት ከአንተ ነው። ነገሩ ኬሚስትሪ ላስተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። ሴል በኦክስጅን ሲጠቀም ያገኙትን ሁሉ የሚነክሱ ሞለኪውሎች ይወጣሉ፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው እነሱን አፋቸውን የሚለጉም ነገር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንዱን ሚስማር ደረቁን፣ ሌላውን ዘይት ቀብቼ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ዝገት ሳሳይ ኖሬያለሁ። ሆርሞኑ ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ በዚህ በሽታ በተያዙት ላይ ደግሞ ይብሱን እንደሚያንስ ስትጽፍልኝ፣ የእናታችን አእምሮ ዘይቱ የደረቀበት ሚስማር ሆኖ ታየኝ። መልሰን እንቀባው አልኩ። ተስፋ ሲይዘው ሰው ምሳሌውንና እውነቱን መለየት ያቅተዋል። እኔ ምሳሌውን ያዝኩ።

ግን በጭፍን አልሰጥም ብዬ ነበር። ሳይለኩ መናገር ወሬ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስል ኖሬ ለእናቴ ሲሆን አልተወውም። የአሥር ጥያቄ ፈተና አዘጋጀሁ። ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ወሩ ስንት ነው፣ ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ፣ እነዚህን የመሳሰሉትን። በመጨረሻው ላይ ሦስት ቃል እነግራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሳ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። ቃሎቹ መቀስ፣ ወንዝ፣ ወንበር ነበሩ። ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ በሦስት ሰዓት፣ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር፣ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ። አንዱን ሳምንት ከሌላው ለማወዳደር ምንም ነገር መቀየር የለበትም ብዬ። እዚህች ላይ ነው ጉድጓዴን የቆፈርኩት።

ኪኒኑን ከመጀመሯ በፊት ከአሥር አራት አገኘች። በመጀመሪያው ወር አራትና አምስት ላይ ዋለለች። በሁለተኛው ወር ስድስት ገባች። በሦስተኛው ስምንት። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ስምንቱን ሁለት ጊዜ ሳከብበት ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ለአንተ የጻፍኩልህን ታስታውሰዋለህ፤ «ቁጥር አይዋሽም» አልኩህ። ቁጥር አይዋሽም፣ እውነት ነው። ቁጥር የሚናገረው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ከዚያ አንተ «ይህን ያህል ከሠራማ እጥፍ አድርጊላት፤ ላብራቶሪ ውስጥም መጠኑ በጨመረ ቁጥር የሚተርፈው ሴል ይበዛል» ብለህ ጻፍክ። እኔም ማንንም ሳላማክር እጥፍ አደረግሁ። ጥፋቱን ላንተ ብቻ አልሰጥም፤ ኪኒኑን በመዳፏ ላይ ያስቀመጠችው የእኔ እጅ ናት። እጥፍ በወሰደች በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ዘጠኝ አገኘች። ያን ቀን እኔ ራሴ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ዓይኗን መግለጥ ያቅታት ጀመር። ፊቷን ሳጥባት እንደ ሕፃን ጭንቅላቷ ይዘነበላል። እንቅልፍ ስለጠገበች ነው አልኩ። ዘጠኝ ያገኘ ተማሪ ቢያንቀላፋ ማን ይቆጣል?

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ እግሯ ተሳስሮ ወደቀች። አትደንግጥ፤ አጥንቷ አልተሰበረም። ግራ እጇ አንጓው ላይ አብጦ ተጠቅልሏል፤ አሁን እብጠቱ እየጎደለ ነው። ያን ዕለት ፈተና የሚባል ነገር አልታሰበኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድ ያለ ፈተና አለፈ።

ሰኞ ወደ ነርቭ ሐኪሟ ወሰድኳት። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ምን ምን እንደምትወስድ ስትጠይቀኝ የደም ግፊት መድኃኒቷንና አንተ የላክኸውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ያንተን አንስታ አየችና «ይሄን ያህል ማን አዘዘላቸው?» አለችኝ። ወንድሜ ላብራቶሪ ነው የሚሠራው አልኳት። «ተመራማሪ ናቸው?» አለች። ብርጭቆ ያጥባል ማለት ከበደኝ፤ ይቅር በለኝ፣ «እዚያው ነው የሚሠራው» ብዬ አለፍኩት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ቀስ ብላ ግን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ወንድምዎ ያዩት ነገር ውሸት አይደለም። ሳህን ውስጥ ባለ ሴል ላይም፣ በአይጦችም ላይ ይህ ሆርሞን የነርቭ ሴልን እንደሚጠብቅ የሚያሳዩ ብዙ ጥናቶች አሉ። በሰው ላይ ግን የታመመን የማስታወስ ችሎታ እንደሚመልስ እስካሁን በበቂ አልተረጋገጠም። ለአንዳንዱ እንቅልፉን ያስተካክልለት ይሆናል፤ ለአንዳንዱ ያንንም አያደርግም። ደግሞ መጠኑ ሲበዛ ያደነዝዛል፣ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲደረብ አረጋዊ ሰው ይጥላል።

ከዚያም አንድ ነገር ጨመረችልኝ፤ እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። የሴቶች ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅንም እንደዚሁ በላብራቶሪ የነርቭ ሴልን ከዚያ ዓይነት ጉዳት ይጠብቃል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከሌላ ሆርሞን ጋር ተደርጎ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ ለሆኑ ብዙ ሴቶች ተሰጥቶ ሲጠና፣ የአእምሮ መድከምን መቀነሱ ቀርቶ አብሶት ተገኘ። «ሳህንና ሰው ለየቅል ናቸው ቲቸር» አለችኝ።

እኔ እጅ አልሰጠሁም። ከቦርሳዬ ደብተሬን አውጥቼ የአራት ወር ውጤት በሠንጠረዥ አሳየኋት። ቁጥሩ እኮ ከአራት ወደ ዘጠኝ ወጥቷል አልኳት። ገጹን አገላብጣ አየችውና በትሕትና «ፈተናውን ቀያይረውት ያውቃሉ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ያወጣሁትን ሴትዮ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ ፈተና ልታስተምረኝ! «መለኪያ ከተቀየረ ምኑን አወዳድራለሁ?» ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። እናታችን በመካከላችን ተቀምጣ የተጠቀለለ እጇን ታሻሻለች። «አትጨቃጨቁ፣ እኔ ጎበዝ ነኝ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ዶክተሯን አሳፍሬ እመለሳለሁ ብዬ ፈተናውን ሰጠሁ። እናታችን እንደ ወትሮዋ «በረደኝ፣ ካፖርቴን» አለች፤ አለበስኳት። ዛሬ ምን ቀን ነው ስላት ያለ ማመንታት «እሑድ» አለች፤ ያለፈውን እሑድ ቀን ቁጥሩንም ሳትሳሳት ነገረችኝ። ቀኑ ስለተዛባባት ነው አልኩና ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ዕድሜዋን አገኘች። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ ብላ ቆጠረች። ከዚያ ሦስቱ ቃላት ጋ ደረስን። «እማዬ፣ አሁን ሦስት ቃል እነግርሻለሁ፣ ያዢልኝ» ብዬ ገና ትንፋሽ ሳልወስድ «መቀስ፣ ወንዝ፣ ወንበር» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ገና አልነገርኳትም እኮ! ያልተነገረን ቃል አስታውሶ የሚመልስ መድኃኒት በዓለም ላይ የለም። ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ እኔ ላይ አይደለም፣ አንገቷን ደፍታ የካፖርቷን ውስጥ ታያለች። ተነስቼ ገለጥኩት። ገበሩ ላይ፣ በግራ በኩል ከብብቷ በታች፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በትልልቅ ፊደል የአሥሩም ጥያቄ መልስ ተደርድሯል። ከላይ «እሑድ» ይላል። ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም፤ የእትዬ ድርብ ክር ነው።

እትዬ ድርብ ክርን መቼም አትረሳቸውም፤ ከእናታችን ጋር ሃያ ዓመት በልብስ ስፌት አብረው የሠሩት፣ ቁልፍ ሁሉ በድርብ ክር ካልሰፉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው። አሁንም ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እየመጡ ከእሷ ጋር ይቀመጣሉ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ገበያ እወጣለሁ። የዚያን ዕለት አልወጣሁም። በር ላይ ጠብቄ ካፖርቱን ዘረጋሁላቸው። ያረጁ ሴትዮ ናቸውና ልቆጣ አልቻልኩም፤ እሳቸው ግን ቀድመውኝ ተቆጡ። «እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? ‹ፈተና አለብኝ፣ አስጠኚኝ› ስትለኝ እምቢ ልበላት? አራት ወር ሙሉ በየቀኑ አስጠንቻታለሁ። አንቺ እኮ አንድ ቀን እንኳ ጥያቄሽን አልቀየርሽም፤ የኔ አስተማሪ ብትሆኚ ኖሮ እኔም ዛሬ ዶክተር ነበርኩ!» አሉኝ። አስብ እንግዲህ። ዶክተሯ በጨዋ ደንብ የጠየቀችኝን እሳቸው በአደባባይ አረሙኝ።

እናታችን መጀመሪያ ሳቀች። «ተያዝን» አለች፣ እንደ ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና። ለምን እንዲህ አደረግሽ እማዬ ስላት ሳቋን አቆመችና ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ልጄ ከዚያ ሁሉ ማዶ ሆኖ መድኃኒት ይልክልኛል። አልሠራም ብዬ አንጀቱን ልቁረጠው? አንቺ ደግሞ ማርክ ስትሰጪኝ ፊትሽ ይበራል። ሁለታችሁንም በአንድ ክር ሰፋኋችሁ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።  ልጇን ደስ ለማሰኘት የኮረጀችው ኩረጃ ልጇን እንዳይመጣ አደረገው ብዬ እንዴት ልንገራት? አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት።

ከዚያ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጀምሬ አላጓድልም። እትዬ ድርብ ክር ሄደው፣ ካፖርቱን ሰቅዬ ስመለስ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ እጄን ያዝ አድርጋ «ፈተናው መቼ ነው? አላጠናሁም እኮ» አለችኝ። መያዟንም፣ መሳቋንም፣ የነገረችኝንም ሁሉ ረስታዋለች። ፈተናውን ግን አልረሳችውም። አራት ወር ሙሉ ፍርሃት አስጠንቼያታለሁ ማለት ነው። ወረቀቱን ዓይኗ እያየ ቀደድኩትና «ትምህርት ተዘግቷል፣ ዕረፍት ነው» አልኳት። «ጎሽ» አለች።

ረቡዕ ብቻዬን ወደ ዶክተሯ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት። አንተ ብርጭቆ እንደምታጥብም ነገርኳት። «ታዲያ ምን ያሳፍራል? ያዩትን በትክክል ነው የጻፉት» አለችኝ። በየቀኑ ለአራት ወር የተደጋገመ ነገር፣ ከጎን የሚያስታውስ ሰውና የተጻፈ መልስ እያለው፣ እንዲህ መያዙ አያስገርምም አለችኝ፤ አዲስ ነገር መያዙ ነው የጠፋው። እዚያው በአዲስ ጥያቄ እንደፈተነቻት ከመዝገቧ አሳየችኝ። ሰኞ ዕለት እኔ ተቆጥቼ ደብተሬን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ ለምርመራ ብላ ወደ ሌላ ክፍል ወስዳ ፈትናት ኖሯል። ከሦስቱ ቃላት አንድም አልመለሰችም። ከአራት ወር በፊት ከነበረችበትም ዝቅ ብላለች። የኪኒኑን እጥፍ አቁመናል፤ የቀረውን ኪኒንም ዶክተሯ ባዘዘችው መሠረት እያቋረጥን ነው። ስለዚህ እባክህ ሌላ ጠርሙስ አትላክ። አንተም «ዘር ነውና እኔም ጀምሬዋለሁ» ብለህ የጻፍከውን ተው፤ መጀመሪያ ሐኪም አማክር። እኔም ራሴን በድብቅ ፈትኜ ወንበርን ረስቼ ሁለት ቀን ሳልተኛ ቀርቻለሁ። ፍርሃቱ የአንተ ብቻ አይደለም።

ያ የሚስማር ምሳሌዬ እንዴት እንዳሳሳተኝ አሁን ገባኝ። ዘይት የሚጠብቀው ገና ያልዛገውን ነው፤ ከዛገ በኋላ ብትቀባው ብረቱ ተመልሶ አይበቅልም። አንተ ያየኸው ሳህን ውስጥም ሆርሞኑ የተጨመረው ከጉዳቱ በፊት ነበር። ራስህ ጽፈኸዋል፤ «አስቀድሞ» ብለህ። ሁለታችንም ያችን ቃል ዘለልናት።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ደበቅኩህ ስል አውቄ አይደለም፤ ፈተናው ውስጥ ስለሌለ አልመዘገብኩትም ነበር። ባለፈው ወር፣ ስምንት አግኝታለች ብዬ በጻፍኩልህ በዚያው ሳምንት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን እያየች «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። ልጅሽ ነው አልኳት። «አይ፣ ወንድሜ ነው» አለች፣ የሞተውን አጎታችንን ማለቷ ነው። ትንሽ ቆይታ አወቀችህና በስምህ ጠራችህ። እኔ የመጀመሪያውን ትቼ ሁለተኛውን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሟታል። ዶክተሯን ምን ያህል ጊዜ እንደቀረን ስጠይቃት ቀን ቆርጣ ልትነግረኝ አልደፈረችም። «የሚመጣ ሰው ካለ ግን ዘንድሮ ይምጣ፤ ለሚመጣው ዓመት አያቆዩት» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ነግሬህ ልጨርስ። ደብተርም፣ እስክሪብቶም ሳልይዝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ክር መሰካት ካቃታት ሰንብቷል፤ ቢሆንም የስፌት መኪናዋ ፊት መቀመጥ ትወዳለች፤ በደህና እጇ ጎማውን እያሽከረከረች ድምፁን ትሰማለች። ምንም ሳልጠይቃት «የትንሹ ኮት ምን ደረሰ?» አለች። አንተን ነው። ገና አልተቆረጠም አልኳት። «ታዲያ ጻፊ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝና ሜትርም ሳትይዝ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደረት መቶ ሁለት፣ ትከሻ አርባ አምስት፣ እጅጌ ስልሳ ሦስት አለችኝ። «የግራ ትከሻው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል፤ ከውስጥ ሙዪበት፣ ከውጭ እንዳይታይ። ሰው አይንገረው፣ ያፍራል» አለች። ቀጥላም «ሆዱ ወጥቶ ካልሆነ» ብላ ሳቀች።

የግራ ትከሻህ ዝቅ እንደሚል እኔ እህትህ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማንም አላስጠናትም፣ ገበርም ላይ አልተጻፉም። ወረቀቱ ፊቴ ተቀምጧል፤ በሕይወቴ ማርክ ልሰጠው ያልቻልኩት የመልስ ወረቀት ይህ ብቻ ነው። የልጅነትህ ይሁን የአሁን፣ ልክ ይሁን ስህተት፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ትከሻህን ይዘህ ካልመጣህ የሚያርመው የለም። እሷ ደግሞ የምትለካው በእጇ ነው እንጂ በቁጥር አይደለም፤ እጇ ትከሻህ ላይ ካረፈ ስምህ ቢጠፋት እንኳ አንተ መሆንህን ታውቃለች ብዬ አምናለሁ። ይህን በሳይንስ አላረጋግጥልህም። ግን እንቸኩል። ለሚመጣው ዓመት ያልከውን ተውና ና።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ ይህን ውሳኔ በእሷ ላይ እንደጫንኩ አውቃለሁና ይቅር ትበለኝ በልልኝ። ትልቋን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ መነጽር ያደረገ ሁሉ እንደ አክስቷ አዋቂ ነው በላት፣ ስህተቴን ግን አትውረስ። ትንሹን አንገቱ ሥር ሳምልኝ። ለዚያች ተመራማሪም ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ሥራዋን ትቀጥል፣ አንድ ቀን ለሌላ ሰው እናት ይደርስ ይሆናል። እትዬ ድርብ ክር «በጠመኔ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይማረኝ» ብለውሃል። እናታችን ደግሞ «ምን ልበልልሽ?» ብላት «ተሻላት በዪው» አለችኝ። እኔ ግን እንደምታየው ሌላውን ጻፍኩልህ።

የምትመጣበትን ቀን ብቻ በአንድ መስመር ጻፍልኝ።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍል
ኅዳር 11 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት